የምክር ቤት አባላትን የሥራ ዘመን ገደብ በቡና ፍሬ ማስተማር

ሐዋሳ ውስጥ ከታቦር ተራራ ግርጌ ባለ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከክርክር ክበቡ ልጆች ጋር ስንቀመጥ ከመጽሐፍ በፊት ጠረጴዛው ላይ የሚወጣው ጥሬ ቡና ነው፤ 50 ፍሬ፣ ተቆጥሮ። እያንዳንዷ ፍሬ አንዲት የአሜሪካ ግዛት ናት። ይህን ትምህርት ለመስጠት የምታስቡ መምህራን ካላችሁ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው።

ልጆች «የምክር ቤት አባል ስንት ጊዜ ይመረጥ?» ሲባሉ ወዲያው «ይገደብ»፣ «አይገደብ» ወደሚለው ይሮጣሉ። አስቁሟቸው። መጀመሪያ መመለስ ያለበት «ማን ይገድብ?» የሚለው ነው። ገደቡ የሚያርፍበት ሰው ራሱ ድምፅ ሰጪ ከሆነ ነገሩ ከጅምሩ ይከብዳል፤ የአሜሪካ ግዛቶች የኮንግረስን (የተወካዮች ምክር ቤትንና የሴኔትን) አባላት ለመገደብ ያደረጉት ትግል የመነጨውም ከዚህ ነው።

ሰሌዳው ላይ 1995 ብላችሁ ጻፉ (ስለ አሜሪካ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ሁለት በሮች ተዘግተዋል። የአርካንሳስ መራጮች በ1992 በግዛታቸው ሕገ መንግሥት ላይ ለኮንግረስ አባሎቻቸው ገደብ ጽፈው ነበር፦ በተወካዮች ምክር ቤት ሦስት፣ በሴኔት ሁለት የሥራ ዘመን ያገለገለ ሰው ስሙ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ሻረው፤ ግዛቶች በፌደራሉ ሕገ መንግሥት ላይ የሌለ መመዘኛ መጨመር አይችሉም አለ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የተወካዮች ምክር ቤት ይህንኑ ገደብ በፌደራሉ ሕገ መንግሥት ላይ በሚጨምር የማሻሻያ ሐሳብ ላይ ድምፅ ሰጠ፦ 227 ድጋፍ፣ 204 ተቃውሞ። እዚህ ላይ ልጆቹ ራሳቸው ያስሉ። ለማሻሻያ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ድምፅ ከሰጡት 431 አባላት ይህ 288 ነው፤ አብላጫ ድምፅ ተገኝቶም ሐሳቡ ወደቀ።

አሁን ቡናውን አምጡ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ሌላ መንገድ አስቀምጧል። ከግዛቶች ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 34ቱ፣ ከጠየቁ ኮንግረሱ ጉባኤ ይጠራል፤ ጉባኤው ያመነጨው ማሻሻያ የሚጸናው ሦስት አራተኛው፣ ማለትም 38ቱ፣ ሲያጸድቁት ነው። 34 ፍሬ ወደ አንድ ጎን ይቁጠሩ። ሁልጊዜ እዚህ ላይ «ተሳካ!» ብሎ የሚያጨበጭብ ይኖራል። ፍሬዎቹን መልሳችሁ ደባልቋቸውና 38 እንደ አዲስ ያስቆጥሩ። መጠየቅና ማጽደቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ልጁ በጣቱ የሚያውቀው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ሦስት ፍሬ ብቻ አውጡ፦ በዚሁ ጉዳይ ብቻ ጉባኤ እንዲጠራ በ2016 የጠየቀችው ፍሎሪዳ፣ በ2018 የተከተሏት አላባማና ሚዙሪ። ከእነሱ በኋላ ሌሎችም ገብተዋል። በዚህ መንገድ የተጠራ ጉባኤ ግን እስካሁን የለም፤ 27ቱም ማሻሻያዎች ከኮንግረስ የመነጩ ናቸው። ታዲያ ፍሬ መሰብሰቡ ምን ይጠቅማል? የ1913ቱን 17ኛ ማሻሻያ ንገሯቸው። ሴናተሮች በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ የሚጠይቁ ግዛቶች ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ኮንግረሱ ጉባኤውን ሳይጠብቅ ሐሳቡን ራሱ አቀረበ። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፤ ክምሩ ሳይሞላም ክብደት አለው።

የተቃውሞውን ወገን ለጎበዙ ተከራካሪ ስጡ። ጉባኤው አንዴ ከተከፈተ ሌላ አንቀጽ ይነካል የሚለው ስጋት፣ ልምድ ያለው አባል ሲወጣ ጉልበቱ ወደማይመረጡ ባለሙያዎችና ጉዳይ አስፈጻሚዎች ያልፋል የሚለው መከራከሪያ ተራ ነገር አይደለም፤ በሚገባ ሊሰማ ይገባል።

ብዙ ጊዜ የምሰጠው ግን ለጽሑፉ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቡድን ያመጣው ረቂቅ «ማንም አባል ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ አያገለግልም» የሚል አንድ መስመር ነበር። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች፦ «ቲቸር፣ በማሟያ ምርጫ መሀል ላይ የገባ ሰውስ?» ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ወረቀት አራት ጊዜ ተጻፈ፤ ኅዳጉ በስርዝና በቀስት ተሞላ። የአሜሪካው 22ኛ ማሻሻያ ለፕሬዚዳንት ይህንኑ አስቦበታል፦ በሌላ ሰው ዘመን ከሁለት ዓመት በላይ የሠራ ሰው ከዚያ በኋላ የሚመረጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እናንተም ጠይቋቸው፦ ያለፈው አገልግሎት ይቆጠራል? ገደቡ ለተከታታይ ዘመን ነው ወይስ ለዕድሜ ልክ?

መጨረሻ ላይ ለ12ቱ ክልሎቻችን 12 ፍሬ አስቀሩና ወደ ቤታችን ግቡ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባል ለአምስት ዓመት ይመረጣል፤ ስንት ጊዜ እንደሚመረጥ ገደብ አልተቀመጠም። በአንቀጽ 70 ፕሬዚዳንቱ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። አንቀጽ 104 የማሻሻያ ሐሳብ ከሚመነጭባቸው መንገዶች አንዱን ለክልሎች ሰጥቷል፦ ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው በየራሳቸው አብላጫ ድምፅ ከደገፉት ሐሳቡ ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። ዛሬ ይህ አራት ፍሬ ነው። ሲዳማ ክልል ከመሆኑ በፊት ክልሎች ዘጠኝ ነበሩ፤ ያኔ ሦስት ይበቃ ነበር። የሐዋሳ ልጆች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም፤ በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ወር ወላጆቻቸው ለሕዝበ ውሳኔው ተሰልፈዋል።

ከዚያ አንቀጽ 105ን ጮክ ብለው ያንብቡ። ለእንዲህ ዓይነቱ አንቀጽ ሁለቱ የፌደራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው፤ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም ስምንቱ። እንግዲህ በእኛ መንገድ ክልሎች በሩን ቢከፍቱም የሚገደበው ምክር ቤት ድምፅ ይሰጣል፤ በአሜሪካው የጉባኤ መንገድ ግን ማሻሻያውን አይቶ የማጽደቅ ድምፅ ለኮንግረሱ አልተሰጠም። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? የሚቀጥለው ቅዳሜ ክርክር ይህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከስምንቱ ፍሬ አንዱን ይዞ ይሂድ፤ ተመልሶ ሲመጣ የዚያን ክልል ምክር ቤት አባል ሆኖ ድምፁን ከነምክንያቱ ይናገር።