ስለ ጌም ኮንሶል ስኬት ሲወራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አራት ኪሎም ሆነ ፒያሳ፣ ጌም ቤት የተቀመጠ ወጣት «ኤክስቦክስ አይሸጥም» ቢል የሚከራከረው የለም። ዙሪያውን የሚያየው ፕሌይስቴሽን ብቻ ነው። አሜሪካ ያለ እኩያው ግን ይህን ሲሰማ ይገረማል። የኮንሶል፣ ማለትም የጌም መጫወቻ ማሽን፣ ስኬት በየአገሩ ገበያ ለየብቻ የሚወሰን ነው፤ ይህን ስንረሳ ክርክራችን መሠረት ያጣል። ከታች ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአንዱን አገር ውጤት የዓለም ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የጃፓኑ ኩባንያ የኤንኢሲ ኮንሶል ፒሲ ኢንጂን በ1987 ጃፓን ውስጥ ወጥቶ የሌላውን የጃፓን ኩባንያ የሴጋን ሜጋ ድራይቭ በሽያጭ በልጦት ነበር። ሁለቱም አሜሪካ የገቡት በ1989፣ በአንድ ወር ነው፤ እዚያ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጀነሲስ ተብሎ የተሸጠው የሴጋ ማሽን ሚሊዮኖች ቤት ሲገባ፣ የኤንኢሲው ወደኋላ ቀረ። ፒሲ ኢንጂንን ጃፓን ውስጥ ያቆሙት ጨዋታዎች ብዙዎቹ ባሕር አልተሻገሩም። ሴጋ በበኩሉ አሜሪካኖች የሚወዱትን ስፖርት በዝነኛ ተጫዋቾች ስም አቀረበላቸው፤ በ1991 ደግሞ ሶኒክ የተባለውን ጨዋታ ጨመረ። የመጀመሪያው ኤክስቦክስም እንዲሁ ነው፤ በዓለም ዙሪያ 24 ሚሊዮን ገደማ ሲሸጥ ጃፓን ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አልሞላም።

የተሸነፈን ሁሉ የሞተ ማለት

ማስተር ሲስተም የተባለው የሴጋ ኮንሶል በጃፓንም በአሜሪካም በተፎካካሪው ኩባንያ በኒንቴንዶ ተሸንፏል። ብራዚል ውስጥ ግን ቴክቶይ የተባለው ኩባንያ ከ1989 ጀምሮ እዚያው እያመረተ፣ ጨዋታዎችን ወደ ፖርቱጋልኛ እየመለሰ ለአሥርተ ዓመታት ሸጠው። ዎንደር ቦይ የተባለውን ጨዋታ ጀግና አንስቶ የብራዚል ልጆች የሚወዷትን የካርቱን ገጸ ባሕርይ ሞኒካን እስከመተካት ደርሷል። በጣም የማደንቀው ሥራ ይህ ነው፤ ገዢውን በቋንቋውና በሚያውቀው ገጸ ባሕርይ ማነጋገር።

ሕግን መዘንጋት

ቻይና ከ2000 እስከ 2014 የኮንሶል ሽያጭን ከልክላ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የነበረውን ዝቅተኛ ሽያጭ «ቻይናውያን ኮንሶል አይወዱም» ብሎ መተርጎም ትክክል አይደለም።

ዋጋን በምንዛሪ ብቻ ማስላት

ፕሌይስቴሽን 4 በ2013 አሜሪካ ውስጥ 399 ዶላር ሲሸጥ ብራዚል ውስጥ 3,999 ሪያል ተባለ፤ በወቅቱ ምንዛሪ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። አምራቹ ሶኒ ምክንያቱ የገቢ ዕቃ ቀረጥ ነው አለ። እኛም ጋ የዶላሩን ዋጋ በብር አባዝቶ ነጋዴውን «ዘረፈን» ማለት የተለመደ ነው። ቀረጡ፣ ማጓጓዣው፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የብር መዳከም ሁሉም ዋጋው ላይ ያርፋሉ።

ያልተመዘገበን ገበያ እንደሌለ መቁጠር

ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። አንድ ኮንሶል ጌም ቤት ውስጥ ለሰፈር ወጣት ሁሉ ያገለግላል፤ ተጫዋቹ በጨዋታ ወይም በሰዓት ይከፍላል። ማሽኑ ከዱባይ በሻንጣ ወይም ከውጭ በዘመድ እጅ መጥቶ ከሆነ፣ ሽያጩ የተመዘገበው በተገዛበት አገር ነው። የፕሌይስቴሽን አካውንት የሚከፈትባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ስለሌለች፣ ልጆቻችን በሌላ አገር ስም ይከፍታሉ፤ የሚገዙት ጨዋታም በዚያው አገር ይቆጠራል። እነዚህ ወጣቶች እውነተኛ ደንበኞች ናቸው፤ ከሂሳብ መውጣታቸው ያሳዝነኛል።

በአንጻሩ ጌም ቤት መብዛቱን ብቻ አይቶ «ለኩባንያው ትልቅ ገበያ ነን» ማለትም አያስኬድም። ኮንሶል ብዙ ጊዜ በትንሽ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጣል፤ ገንዘቡ የሚገኘው ከጨዋታው ነው። በተቀዳ ሲዲ በተጫወትንበት የፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ሶኒ ከእኛ ያገኘው የማሽኑን ዋጋ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ያገለገለ ከነበረ እሱንም አላገኘም።