ወደ ባሕር ውሃ አኳሪየሜ ከላይቭ ሮክ (ሕያዋን ከሰፈሩበት የባሕር ድንጋይ) ጋር የገባውን አይፕታዚያ ያጠፋሁበት መንገድ

አይፕታዚያ ቡናማ፣ ቀጫጭን ክንዶች ያሉት ትንሽ የባሕር አኒሞን፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ለስላሳ እንስሳ ነው። ሲነኩት ድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ጥልቅ ይላል፤ አጠገቡ ያለውን ኮራል ይነድፋል። በቢላ መፋቅ ፈጽሞ አይሞከር፤ ከእግሩ የቀረች ቁራጭ ራሷን ችላ ታድጋለች፤ አንዱ አሥር የሚሆነው በዚህ ነው።

የሠራልኝ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ (የኖራ ዓይነት ነጭ ዱቄት) ነው። ዱቄቱን በጥቂት የተጣራ ውሃ እንደ እርጎ እስኪወፍር በጠበጥኩት፤ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ከዚያ ወፍራም መርፌ ባለው ስሪንጅ ሳብኩት፤ ቀጭኑ ወዲያው ይደፈናል። ፓምፖቹን አጥፍቼ፣ ክንዶቹ እንደተዘረጉ መርፌውን ከጎን ቀስ አድርጌ አስጠግቼ አፉ ላይ ለቀቅሁበት። ከደነገጠ ይሸሸጋል፤ ያኔ መድኃኒቱ ላዩ ላይ ብቻ ይቀራል፣ ሥሩም ይተርፋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ነጩን ዝቃጭ በቱቦ ስቤ ፓምፖቹን መለስኩ። ፒኤች (የውሃው አሲድነት ወይም አልካላይነት መለኪያ) ስለሚያሻቅብ በአንድ ቀን ከሦስት አራት በላይ አልነካሁም፤ በተለይ ትንሽ አኳሪየም ላይ ይህ ወሳኝ ነው።

መርፌ የማይደርስባቸውን ትንንሾች ፔፐርሚንት ሽሪምፕ የተባለው አይፕታዚያ የሚበላ ሽሪምፕ ለቀመልኝ። የዓሣ ምግብ ከበዛለት ግን ዞር ብሎም አያያቸው። ሲገዙ ጀርባውን ይዩ፦ ጎበጥ ያለና ነጭ መስመሮች ያሉት ካሜል ሽሪምፕ ነው፤ እሱ ኮራሉን ይበላል።