ተራው የማን ነው? ወንዝ ዳር ላለ የእንግሊዝ ፐብ አዲስ ለሆናችሁ

እንግሊዝ አገር በገባሁ በሦስተኛው ወር፣ ፀሐይዋ እንደ ሚያዝያ በምታቃጥልበት አንድ ቅዳሜ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር ከሚገኝ ፐብ ደጅ አርባ ደቂቃ ሙሉ ተቀምጬ አስተናጋጅ ጠበቅኩ። አንዲት ወጣት ባዶ ብርጭቆ እየሰበሰበች ሁለት ጊዜ በአጠገቤ አለፈች፤ ሁለቱንም ጊዜ ፈገግ ብላልኝ ሄደች። በሦስተኛው ትዕግሥቴ አለቀና በአገሬ ልማድ ሁለት ጊዜ አጨበጨብኩ። ደጁን የሞላው ሰው በሙሉ ዞር ብሎ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። በመጨረሻ ውሻቸውን ከእግራቸው ሥር አስተኝተው ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ምስጢር እንደሚነግር ሰው ጎንበስ አሉና «ልጄ፣ እዚህ ማንም አይመጣልህም፤ ባንኮኒው ውስጥ ነው» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ባልደረቦቻችሁ «ዓርብ ከሥራ በኋላ ወንዝ ዳር እንወጣለን» ሲሏችሁ ምክንያት ፈልጋችሁ ለምትቀሩ ነው። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በእኛ አገር መጠጥ ቤት የሚለው ቃል መልካም ስም የለውም፤ በተለይ ለሴት ልጅ። ፐብ ግን የስሙ ትርጉም ራሱ «የሕዝብ ቤት» ነው። ከሰዓት በኋላ ብትገቡ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ድንች ጥብስ ሲበሉ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ጋዜጣ ይዛ ቡና ስትጠጣ ታያላችሁ፤ ቀና ብሎ የሚያያት የለም። እንግሊዞች ቢሮ ውስጥ ስለ አየሩ ጠባይ ብቻ ነው የሚያወሩት። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ቤት ኪራያቸው፣ ስለ አለቃቸው የሚያወሩት እዚያ ነው። እኔ አሁን የምሠራበት ክፍል ሰው እንደሚፈልግ የሰማሁት ከማስታወቂያ ሳይሆን ከፐብ ጠረጴዛ ነው።

እንግዲህ ስትደርሱ መጀመሪያ ቦታ ያዙ። በበጋ ወንዝ ዳር ያለ ጠረጴዛ ቶሎ ያልቃልና አንድ ሰው ይቀመጥ፣ ሌላው ይግባ። ጠረጴዛው ላይ ቁጥር ካለ ያዙት፤ ምግብ ካዘዛችሁ ይጠይቋችኋል። ባንኮኒው ጋ ታዝዛላችሁ፣ እዚያው ትከፍላላችሁ፣ መጠጡን ራሳችሁ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ምግቡን ግን ያመጡላችኋል። ሹካና ቢላዋ አስቀድሞ የተደረደረበት ጠረጴዛ የምግብ ቤቱ ወገን ስለሆነ ሳትጠይቁ አትቀመጡበት። በስልክ የሚታዘዝባቸው ፐቦችም አሉ፤ እኔ አልወዳቸውም፤ ፐቡን ፐብ የሚያደርገው ባንኮኒው ነው።

ባንኮኒው ላይ ሰልፍ የለም። አውቶቡስ እንኳ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሕዝብ እዚህ ሲደርስ በባንኮኒው ርዝመት ተበትኖ ይቆማል። አትታለሉ፤ ሰልፉ በልባቸው ውስጥ አለ። እያንዳንዱ ሰው ከእሱ በፊት ማን እንደገባ ያውቃል። ቀጂዋ «ተራው የማን ነው?» ብላ ወደ እናንተ ስታይ ከእናንተ የቀደመ ሰው ካለ በእጃችሁ ወደ እሱ ጠቁሙ። ይህን አንድ ጊዜ ያደረገ ሰው በዚያ ቤት እንግዳነቱ ያበቃል ማለት ይቻላል። ገንዘብ ማወዛወዝ፣ ማፏጨት፣ «ይቅርታ!» ብሎ መጣራት ግን ተራን ያስረዝማል እንጂ አያሳጥርም። ካርዳችሁን ይዛችሁ ቀና ብላችሁ መቆም ይበቃል።

ቢራ የሚቀዳው በፓይንት ነው፤ 568 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ከእኛ ድራፍት ብርጭቆ ይተልቃል። ግማሽ ፓይንት ማዘዝ ነውር አይደለም። የሚያስደነግጣችሁ የሚሆነው በረጅም የእጅ ማንሻ የሚሳበው ቡናማ ቢራ ነው። ቀዝቃዛ አይደለም፣ አረፋውም ጥቂት ነው። ተበላሽቶ አይምሰላችሁ፤ ልማዱ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ባለው የምድር ቤት ቅዝቃዜ ማቅረብ ነው። መጠጡ እዚያው በርሜሉ ውስጥ መፍላቱን ስለሚቀጥል ሕይወት ያለው ነው ይሉታል። ከማዘዛችሁ በፊት «ልቅመሰው?» ብትሉ በትንሽ ብርጭቆ ያለ ክፍያ ያስቀምሷችኋል። የለመዳችሁትን ቀዝቃዛ ቢራ ከፈለጋችሁ «ላገር» በሉ።

ጠላ ያደገበት ሰው ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ቢራ የሚጠምቁት በአብዛኛው ሴቶች በየቤታቸው ነበሩ። ጠመቃው ሲደርስ ከደጃቸው ረጅም እንጨት አውጥተው ጫፉ ላይ ቅጠል ያስሩ ነበር። የእኛ ጠላ ሻጭ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ እንደምታቆመው መሆኑ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1393 ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ቢራ ሻጭ ሁሉ ምልክት እንዲሰቅል አዘዙ፤ ዛሬ በየፐቡ በር ላይ የምታዩት በሥዕል ያጌጠ ሰሌዳ የዚያ ልማድ ልጅ ነው። ብዙ ቤት «ነጭ ዋሊያ መሰል» እንስሳ ሥሎ ካያችሁ አጋዘን ነው፤ የዚያው ንጉሥ ዓርማ ነበር። ጌሾ የሚሰጠውን ምሬት እዚህ የሚሰጠው ሆፕ የሚባል ተክል ሲሆን እሱም ከባሕር ማዶ የመጣባቸው ዘግይቶ፣ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ጉንጭ ስትጎነጩ የአክስታችሁ ጓዳ ትዝ ቢላችሁ አይግረማችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ልምጣ፤ ስለ ከፋዩ። እኛ የጋበዘ ይከፍላል፤ ወይም ሒሳቡ ሲመጣ እንታገላለን፤ ብልጡ ደግሞ መታጠቢያ ቤት የሄደ መስሎ ከፍሎ ይመለሳል። እንግሊዞች በዙር ነው የሚጠጡት። አራት ሆናችሁ ብትቀመጡ አንዱ ይነሳና «ምን ላምጣላችሁ?» ይላል፤ ለአራቱም ይገዛል። ብርጭቆው ሊያልቅ ሲል ሌላው ይነሳል። ያ የመጀመሪያው ሰው ሲጠይቃችሁ እየጋበዛችሁ ሳይሆን ወደ ዙሩ እያስገባችሁ ነው። እሺ ካላችሁ ተራ አለባችሁ። ሁለት ጠጥቶ ሳይገዛ «ባቡር አመለጠኝ» ብሎ የሚሄድ ሰው ፊቱ ላይ ምንም አይባልም፤ ግን ለዓመታት ይታወሳል። በዚህ ጉዳይ የእንግሊዞች ትዝታ የዝሆን ነው።

ለንደን ውስጥ አራት ፓይንት ከ24 ፓውንድ ሊያልፍ ስለሚችል አቅሙ ከሌላችሁ መላው ቀላል ነው። ገና ከመቀመጣችሁ «እኔ ቶሎ ስለምሄድ የራሴን እገዛለሁ» በሉ። ቅር የሚለው የለም። ወይም የመጀመሪያውን ዙር እናንተ ግዙ፤ ከዚያ በፈለጋችሁ ሰዓት በነጻነት ትወጣላችሁ። ለስላሳ የሚጠጣ ሰውም ተራው ሲደርስ ቢራውን ይገዛል፤ የዋጋውን ልዩነት ማስላት ንፍገት ነው። የማውቀው አንድ የአገሬ ልጅ በኩራት የስድስት ሰው ሒሳብ ሌሊቱን በሙሉ ለብቻው ከፈለ። ደስ ይላቸዋል ብሎ ነበር፤ ተሸማቀቁ። ቆይቶ ነው የገባው፤ ቸርነቱ የሁሉንም ተራ ወስዶባቸው ነበር።

ጉርሻ መስጠት ባንኮኒ ላይ ልማድ አይደለም። አገልግሎቱ ካስደሰታችሁ ስትከፍሉ «ለራስሽም አንድ» ብትሏት የአንድ መጠጥ ዋጋ ጨምራ ትይዛለች። ደግሞ «ቺርስ» ስትላችሁ ብርጭቆ አታንሱ፤ «አመሰግናለሁ» ማለቷ ነው።

የማይጠጣ ሰው ምን ያደርጋል? ሶዳ በሎሚ ጭማቂ ርካሽ ነው፣ አልኮል የሌለው ቢራም በየቤቱ አለ። የቧንቧ ውኃ ከጠየቃችሁ በነጻ ሊሰጧችሁ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ለምን እንደማትጠጡ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ምግቡ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ከባንኮኒው ጀርባ በከረጢት የተንጠለጠለው ቅርፊት መሳይ መክሰስ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ቆዳ ጥብስ ነው። የዓሣው ሊጥ በቢራ የተለወሰ ሊሆን ይችላል፤ የሥጋ ፓይም እንዲሁ በቢራ ይሠራል፤ ሙስሊም የሆናችሁ ጠይቁ። ጾመኛ የሆናችሁ ደግሞ ፍልሰታ ከእንግሊዞች ነሐሴ መካከል ስለሚውል ከበጋው ግብዣ ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ምናሌው ላይ «ቬጀቴሪያን» የሚለው ቅቤና እንቁላል ስላለበት አይሆናችሁም፤ «ቪጋን» የሚለውን ፈልጉ። ድንቹ በምን ዘይት እንደተጠበሰም መጠየቅ አይከፋም፤ በከብት ስብ የሚጠብሱ አሉ። ወጥ ቤቱ ከምሳና ከእራት መካከል ሊዘጋ ስለሚችል በረሃብ አትሂዱ።

ዕድሜያችሁ ከ25 በታች የሚመስል ከሆነ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ ውጡ፤ ሕጉ 18 ቢልም ቀጂው ለጥንቃቄ ከ25 በታች የመሰለውን ሁሉ ይጠይቃል። ሰላሳ ሁለት ዓመቴ ላይ ተጠይቄያለሁ፤ አልተቀየምኩም። ልጆች ከወላጅ ጋር መግባት ይችላሉ፤ ሲመሽ ግን አስወጡልን የሚሉ ቤቶች አሉ። መኪና የያዘ አይጠጣ። በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም አልኮል ነው ገደቡ፤ ስንት ብርጭቆ እንደሆነ ለማስላት አትድከሙ።

ወንዙ ራሱ ሌላ ትምህርት ነው። ጣና ዳር ወይም ሐዋሳ ያደገ ሰው ውኃ ባለበት ይቆያል ብሎ ያምናል። ቴምዝ ግን ምዕራብ ለንደን ካለው ከቴዲንግተን ሰፈር በታች የባሕር ትንፋሽ አለበት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ለንደን ድልድይ ላይ ልዩነቱ እስከ 7 ሜትር ይደርሳል። ሪችመንድና ስትራንድ ኦን ዘ ግሪን በሚባሉት ሰፈሮች ጨረቃ በሞላችና በጠፋች ሰሞን ውኃው የእግር መንገዱን ይሸፍናል። እግሬን ውኃ ሲነካኝ መጠጥ የፈሰሰ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል የአገሬው ሰው ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን አግዳሚው ላይ ሰቅሎ ወሬውን ቀጥሏል፤ ስዋን የሚባሉ ሁለት ነጫጭ የውኃ ወፎች በጠረጴዛዎቹ መካከል እየዋኙ ነው። ወንዙ ዳር የቆመ አንድ መኪና ግን ጎማው ሰምጦ ነበር። የለንደን ወደብ ባለሥልጣን የውኃውን ሰዓት በድረ ገጹ ያወጣል፤ ከመውጣታችሁ በፊት እዩት። ከመጠጥ በኋላ መዋኘት ደግሞ ሰው የሚበላ ነገር ነው፤ ውኃው ጸጥ ያለ ቢመስልም ይጎትታል።

የት ልሂድ ካላችሁ፣ ሐመርስሚዝ ያለው ዘ ዳቭ ከሁሉ ደስ ይለኛል። አንዷ ክፍሉ ጥቂት ሰው ብቻ የምትይዝ ናት፤ በጊነስ መዝገብ እጅግ ጠባብ የባር ክፍል ተብላ ሰፍራ ነበር። ዋፒንግ ያለው ፕሮስፔክት ኦፍ ዊትቢ ከ1520 ጀምሮ እንዳለ ይነገርለታል። ከውኃው በላይ የተሰቀለ የገመድ ማነቂያ ታያላችሁ፤ የጥንቱን የመርከብ ወንበዴዎች ስቅላት ለማስታወስ ነው፤ ልጆች ይወዱታል፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምቀመጠው። ከከተማ መውጣት ለምትችሉ ኦክስፎርድ አጠገብ ዎልቨርኮት ያለው ትራውት አለ፤ እዚያ ባሕሩ ስለማይደርስ ለጫማችሁ አትሰጉም።

አንድ ነገር ግር ይላችኋል። ሐምሌ ለእኛ ጭቃና ጉም ነው፤ ለእነሱ የዓመቱ ምርጥ ፀሐይ ነው። በሰኔ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ገደማ ነው። ገና ቀን ነው ብላችሁ ስትጨዋወቱ ተርቦች በጣፋጩ ብርጭቆ ዙሪያ ይርመሰመሳሉ፤ የብርጭቆ ማስቀመጫዋን ካርቶን ክዳን አድርጉባት። ድንገት ከውስጥ ደወል ይሰማል። የመጀመሪያው ደወል «የመጨረሻ ትእዛዝ» ነው፤ ተራ ያለበት ይነሳ። በሁለተኛው መሸጥ ያበቃል፤ የተቀዳውን ለመጨረስ ብዙውን ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል ይተዋሉ። ስትነሱ ብርጭቆዎቹን ሰብስባችሁ ወደ ባንኮኒው ይዛችሁ ግቡ። ግዴታ አይደለም፤ ብርጭቆ ሰብሳቢዋ ግን ታያችኋለች።