ወለሉን ከመንቀላችሁ በፊት አስመርምሩ

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ቤት ገዝታችሁ «ወለሉን ራሳችን ብንቀይረውስ?» የምትሉኝ ስለበዛችሁ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ በፊት የተሠራ ከሆነ አስቤስቶስ እንዳለበት ሳታስመረምሩ መዶሻ አታንሡ፤ አስቤስቶስ ድሮ ለቤት መሥሪያ ይገባ የነበረ፣ ሲበን ካንሰር የሚያመጣ ቃጫማ ማዕድን ነው።

ዘጠኝ በዘጠኝ ኢንች የሆነው የወለል ንጣፍ፣ ከሥሩ ያለው ጥቁር ማስቲሽ፣ ፈንዲሻ የተለጠፈበት የሚመስለው ኮርኒስ፣ በማሞቂያ ቧንቧ ላይ የተጠቀለለው ነጭ ሽፋን አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። በዓይን አይለይም፤ ሽታም የለውም። ካልተነካ ብዙም አያሰጋም። ሲፋቅና ሲሰበር ግን የሚበነው ቃጫ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ ካንሰር ቢያስከትል የሚታወቀው ከ10 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ «እኔ ነቅዬ ምን ሆንሁ?» የሚለኝን ሰው መስማት ሰልችቶኛል።

እኔን ያታለለኝ የቤት ምርመራው ሪፖርት ነው። ከግዢው በፊት ከፍለን ያስመረመርነው ሰው ስለ ጣሪያው፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ መብራቱ ወፍራም ጥራዝ ሰጠን። አስቤስቶስ የሚል ቃል በአንዱም ምዕራፍ አልነበረም፤ ማንም ቢያነበው ቤቱ ነጻ ነው ይላል። መጨረሻው ገጽ ላይ ግን በደቃቅ ፊደል «ምርመራው አስቤስቶስን፣ እርሳስንና ሻጋታን አይመለከትም» ተብሏል። የተለመደው የቤት ምርመራ እንዲህ ነው! ሻጩም የማያውቀውን አይነግራችሁም። ለብቻው የሠለጠነ ባለሙያ ጠርታችሁ ናሙናው ላቦራቶሪ ይላክ። ናሙና የሚወስደውና አስቤስቶሱን የሚያነሣው ድርጅት አንድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ፈልጉ፤ «አለበት» ብሎ የሚያተርፈው እርሱ ነው።

ለመንግሥት ቢሮ ብትደውሉ አንዱ ወደ ሌላው ያንከባልላችኋል። የፈረሰው የት እንደሚጣል ግን የግድ ጠይቁ፤ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም። «አስቤስቶስ በ2024 ታግዶ የለም ወይ?» ለምትሉም፣ ክሪሶታይል የተባለው ዓይነት እንዳይገባና ሥራ ላይ እንዳይውል ታገደ እንጂ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ማንም መጥቶ አያነሣላችሁም። በእኔ አስተያየት ወለሉ ካልተሰባበረ ሳትፍቁት በላዩ ላይ አዲስ ማንጠፍ ይሻላል።

በቀን ክፍያ አሮጌ ቤት ለማፍረስ የምትሄዱ ደግሞ የወረቀት ጭምብል ተሰጠን ብላችሁ አትጽናኑ፤ አያድንም። ሥልጠናና ትክክለኛ የመተንፈሻ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። በሥራው ልብስ ወደ ቤት አትግቡ።

አስቀድማችሁ ሰብራችሁ ከሆነ አትጥረጉ፤ ተራ የቤት ቫኪዩምም ይበትነዋል። የቤቱን አየር ማሞቂያና ማቀዝቀዣ አጥፉ፣ ክፍሉን ዝጉ፣ ከዚያ ባለሙያ ጥሩ።