በመጸው መግቢያ ትንበያ ስትመለከቱ የሌሊቱን ቁጥር አትለፉ

የመጪዎቹን ቀናት የአየር ሁኔታ ትንበያ ስንመለከት ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው በቀኑ ሙቀት ላይ ነው። በመጸው መግቢያ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ነው፤ ከደመናውና ከነፋሱ ጋር አብራችሁ እዩት። ሌሊቱ እየረዘመ ስለሚሄድ ሰማዩ ጥርት ካለና ነፋስ ከሌለ መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ያለ ከልካይ ትለቅቃለች። ትንበያው 3 ዲግሪ ሴልሺየስ እያለ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ብታዩ ትንበያውን አትውቀሱ። የአየር ሙቀት የሚለካው ከመሬት 2 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው፤ በእንዲህ ያለ ሌሊት ደግሞ ከታች ያለው አየር ከዚያ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጥርት ያለ ሰማይ፣ የረጋ አየርና 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከተተነበየ ብርድ የማይችሉ ተክሎችን ሳይመሽ በጨርቅ ሸፍኑ። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ። ደመና ካለ ግን አትድከሙ፤ እሱ ራሱ ብርድ ልብስ ነው።

የሌሊቱ ሙቀት ወደ ጤዛ ነጥብ (በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውሃ ጠብታ መለወጥ ወደሚጀምርበት ሙቀት) ከተጠጋና አየሩ ከረጋ ደግሞ በሸለቆና በወንዝ ዳር የጠዋት ጭጋግ ጠብቁ። ፀሐይ ከፍ ስትል አብዛኛውን ጊዜ ይገፈፋል፤ መንገደኛ ትንሽ አርፍዶ ቢወጣ አይከፋም።

ከሳምንት በላይ ያለውን ትንበያ ለአዝማሚያ ብቻ ተመልከቱት። የዝናቡን ሰዓት ለማወቅ የዋዜማው ትንበያ ይሻላል።