የኤፍ-5 ስኳድሮንን የጦርነት ታሪክ ከሰሜን ሸዋ አባቶች ለመሰብሰብ

ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ ወይም ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶችን የያዘው ስኳድሮን (የአየር ኃይል ክፍል) በ1969 እና በ1970 በኦጋዴን ከሶማሊያ ጋር ያደረገውን የአየር ውጊያ ታሪክ ልሰብስብ የሚል ሰው መጀመሪያ «አብራሪ የነበረ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አብራሪ ግን ድሮም ጥቂት ነው። ሞተር የፈታው፣ ቦምብ የጫነው፣ ነዳጅ የሞላው፣ ሬዲዮ የጠበቀው ሁሉ የስኳድሮኑ ሰው ነበር፤ ሠራዊቱ በ1983 ሲበተን ብዙዎች ወደየቀያቸው ተመልሰዋል። በታጠቅ የጦር ማሠልጠኛ ሠልጥነው የዘመቱ ሚሊሻዎችም አሉ። ከላይ የወረደው ቦምብ የት እንዳረፈና ምን እንዳደረገ ከአብራሪው ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የማያጠራጥሩትን ቀኖች በአንድ ገጽ ጻፉ። በሐምሌ 1969 የኤፍ-5ኢ አብራሪዎች ከሶማሊያ ሶቪየት ሠራሽ ጄቶች፣ ከሚግ-17 እና ከሚግ-21፣ ጋር መዋጋት ጀመሩ። በነሐሴ አጋማሽ ድሬዳዋ ላይ ከባድ ጥቃት ተሰንዝሮ ተመከተ። መስከረም 1970 መጀመሪያ ላይ ጅጅጋ ተያዘች። የካቲት 26 ቀን 1970 የካራማራ ድል ሆነ። ተራኪው ቀን ሲጠፋባቸው «ስንት ቀን ነበር?» እያላችሁ አታስጨንቋቸው፤ በጾምና በበዓል ጠይቁ። የድሬዳዋው ጥቃት ፍልሰታ ውስጥ ነው፣ ጅጅጋ የወደቀችው ከመስቀል በፊት ነው፣ ካራማራ የተያዘው ደግሞ በቅበላው እሑድ ነው፤ በማግስቱ ዐቢይ ጾም ገባ። ይህን የሚረሳ የመንዝ ሰው ብዙ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስተው የቀን አጻጻፍ ነው። ከፎቶ ጀርባ «24/7/77» ተጽፎ ብታገኙ በፈረንጅ ከተነበበ ሐምሌ 17 ቀን 1969፣ የጦርነቱ መጀመሪያ ነው። በእኛ ከተነበበ ግን መጋቢት 24 ቀን 1977፣ የድርቁ ዘመን ነው። ስምንት ዓመት ያህል ልዩነት አለው! የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለበት፣ የደንብ ልብሱና የአውሮፕላኑ ዓይነት ከየትኛው ዘመን ጋር እንደሚገጥም ካያችሁ ይለያል። ካልተለየ ሁለቱንም ጻፉ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣን» ሲባል በአገራችን መሆኑን ጠይቃችሁ አረጋግጡ፣ የበረራ መዝገብ ላይ ያለው በፈረንጅ ሊሆን ይችላል።

ቃላትም ያሳስታሉ። «ሐረር ሜዳ» ሐረር ከተማ አይደለም፤ ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ያለው የአየር ምድብ ነው። ይህን ሳያውቁ ስኳድሮኑን በጽሑፍ ወደ ምሥራቅ ማዛወር ቀላል ነው። «ሻለቃው» ሲባል መኮንኑ ይሁን ክፍሉ ጠይቁ። ከባዱ «ሚግ» የሚለው ቃል ነው። እግረኛው ጄት ሁሉ ሚግ ይለዋል። በ1969 ክረምት ግን የሚበረው ሚግ የጠላት ነው፤ በ1970 የሶቪየት አውሮፕላኖች በብዛት ከገቡ ወዲህ የኛም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀኑን ሳታረጋግጡ «ሚግ ደበደበን» ወይም «ሚግ ደረሰልን» የሚለውን ወደ ታሪኩ አታስገቡ።

ዓይነቱን ለመለየት ስም አትጥሩ፤ «ኤፍ-5 ነበር?» ካላችሁ «አዎ» ይሏችኋል። የኤፍ-5፣ የሚግ-17፣ የሚግ-21፣ የሚግ-23 እና የካንቤራ ቦምብ ጣይን ጥቁር ቅርጽ ስም በሌለው ካርቶን ላይ ሥሉ፣ በቁጥር ለዩና አስመርጡ። ከዚያ አየር የሚስበው አፍ የት እንደነበር ጠይቁ። አፍንጫው ላይ ክብ አፍ ካለው ሚግ-17 ወይም ሚግ-21 ነው። ጎንና ጎን ሆኖ ከኋላ ሁለት የጭስ መውጫ ካለው ኤፍ-5፣ አንድ ብቻ ካለው ሚግ-23 ነው።

በዕድር ዳኛ ወይም በሚያምኑት ዘመድ በኩል ሂዱ። ቡናና ስኳር ያዙ። «ጋሼ» ይባሉ ወይስ በማዕረጋቸው፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ማዕረጉን መስማት ያስደስተዋል፣ አንዳንዱን ያሳምመዋል። የግንቦት 8 ቀን 1981ን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ራሳቸው ካላነሡት አትቆስቁሱ፤ ብዙ ወዳጅ የጠፋበት ነገር ነው። ስማቸው እንዲጻፍ መፍቀዳቸውን በጽሑፍ ያዙ፣ ዛሬ ስላሉ የጦር ምድቦች ምንም አትጠይቁ።

ደብረ ብርሃንም ሆነ ጣርማ በር ደጅ ላይ አትቅዱ፤ ነፋሱ ድምፁን ይበላዋል። ቤት ውስጥ፣ በርኖስ ወይም ጋቢ በተዘረጋበት ጥግ፣ ስልኩን ከአፋቸው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡ፣ ጥሪ እንዳያቋርጥም መስመሩን ብቻ ዝጉ። በዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) አንድ ሰዓት ቅጂ በአንድ ቻናል (ሞኖ) 300 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል፤ ቦታ ሳታዩ አትጀምሩ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አታስቀምጧቸው፤ ሽማግሌ ሲደክመው የሁለት ቀን ታሪክ አንድ ያደርጋል። ፎቶዎቹን መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ፊትም ጀርባም አንሡ። ዋናውን ለባለቤቱ መልሱ።

ለመታሰቢያ የተቀመጠ የጥይት ቀፎ ካለ ለኩት። አፉ 20 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 102 ከሆነ የኤፍ-5 መድፍ የሚጠቀምበት ዓይነት ነው፤ ጄቱ ሁለት መድፍ፣ በየመድፉም 280 ጥይት ይይዝ ነበር። አፉ 23 ሆኖ ርዝመቱ 115 ከሆነ የሶቪየት አውሮፕላን፣ 152 ከሆነ ግን የምድር ፀረ አውሮፕላን ነው። እርሳሱ ያልወጣለት ጥይት ወይም ቦምብ መሳይ ነገር ካያችሁ አትንኩ፣ ለፖሊስ አሳውቁ።

የመጨረሻው ጥንቃቄ የድል ቁጥር ላይ ነው። «ተመታ»፣ «ጭስ አወጣ» እና «ወደቀ» ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሦስት አምድ አብጁላቸው። በየመስመሩ ማን እንዳየ፣ ከአየር ይሁን ከምድር፣ በምን ቀን፣ ከየትኛው ቦታ አጠገብ እንደሆነ ሙሉ። ለገሠ ተፈራን የመሰለ የኤፍ-5 አብራሪ አውሮፕላኑ ተመቶ ከተማረከ በኋላ በሶማሊያ እስር 11 ዓመት ቆይቷል፤ የተማረከ ሰው መዝገብ እዚያው ላይ ይቋረጣል፣ የቀረውን የሚሞሉት ጓዶቹ ናቸው። ሁለት ምስክሮች ሳይማከሩ መውደቁን በተመሳሳይ ቀንና ቦታ ሲመሰክሩ «ወደቀ» በሚለው አምድ አስገቡት። አንድ ብቻ ከሆኑ ቃላቸውን እንዳለ፣ የእሳቸው ቃል መሆኑን ጠቅሳችሁ ጻፉት።