ፊደል ያልቆጠረው ኮዴ

ጥምቀት ሊደርስ አንድ ሳምንት ቢቀረው ነው። ጎንደርን የሚያውቅ ያውቃል፣ በዚያ ሰሞን አልጋ ማግኘት ዕጣ እንደ መውጣት ነው፤ ቀድሞ ያልያዘ ወይ ዘመድ ቤት ያድራል ወይ መኪና ውስጥ። ፒያሳ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ያለው አንድ ሰው "ስልኩ ፋታ ነሳኝ፣ በኢንተርኔት የሚመዘግብ ነገር ሥራልኝ" አለኝና ፎርም ሠራሁለት። ድረ ገጽ በሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ በፒኤችፒ። ስም፣ ስልክ፣ የመግቢያ ቀን፣ ማስታወሻ፣ በቃ። ስሙ ከ20 ፊደል እንዳይበልጥ ገደብ አበጀሁለት። በእንግሊዝኛ ፊደል ስሜን ጽፌ ሞከርኩት፣ ሠራ፣ ሂሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ።

በማግሥቱ ሰውየው ደወለ። ድምፁ ደስ አይልም። ከባሕር ዳር አንዲት እናት ለመመዝገብ ቢሞክሩ ፎርሙ "ስምዎ ከ20 ፊደል መብለጥ የለበትም" እያለ ይመልሳቸዋል። ስማቸው ወለተጊዮርጊስ ነው። አንተም ቁጠረው፤ ወ፣ ለ፣ ተ፣ ጊ፣ ዮ፣ ር፣ ጊ፣ ስ። ስምንት! ይቅርታ ልጠይቃቸው ስደውል ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ልጄ፣ እኔ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ያልቆጠረው ያንተ ማሽን ነው።"

እውነታቸውን ነበር። እኔም ያን ቀን ነው የገባኝ፣ አንተ እንደኔ ሳትዋረድ እንዲገባህ ይሄን ጻፍኩ።

አንድ ነገር ላስቀድም። የፈንክሽኖቹን፣ ማለትም ቋንቋው አዘጋጅቶ የሚሰጥህን ትእዛዞች፣ ስም አፋችን እንደሚጠራቸው በራሳችን ፊደል ነው የምጽፋቸው። ኮዱ ውስጥ ስትከታቸው በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል መሆናቸውን አትርሳ። ተለዋዋጩን ግን፣ $ስም ብለህ በአማርኛ ብትሰይመው ፒኤችፒ ቅር አይለውም። እውነቴን ነው፣ ሞክረው።

ጥፋቴ ይቺ መስመር ነበረች፦

ስትርሌን($ስም) > 20

ስትርሌን "የስትሪንግ (የጽሑፍ) ርዝመት" ማለት ነው ይባላል። ርዝመቱን በምን እንደሚለካ ግን ማንም አልነገረኝም። በፊደል አይደለም፣ ኮምፒውተሩ መረጃ በሚያስቀምጥበት ትንሽ ቋት፣ በባይት ነው። ፒኤችፒን ራስመስ ለርዶርፍ በ1994 መሥራት ሲጀምር ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንድ ፊደል ማለት አንድ ባይት ማለት ስለነበር በሁለቱ መሃል ልዩነት የለም። የእኛ ፊደል የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጣቸው መዝገብ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንኳ በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው። ዛሬ ድረ ገጾች የሚጻፉበት ዩቲኤፍ-8 ደግሞ ከሀ ጀምሮ ያሉትን ፊደሎቻችንን እያንዳንዳቸውን በሦስት ባይት ነው የሚያስቀምጣቸው። አራት ነጥቡም ሦስት ባይት፣ ነጠላ ሰረዙም ሦስት ባይት፣ ፩ እና ፪ም እንደዚያው።

ቅዳሜ ገበያ አንዱን ነጋዴ "ስንት በግ አመጣህ?" ብትለው እግሩን ቆጥሮ ቢመልስልህ አስበው። ስትርሌን እሱ ነው። የእኛ በግ ሦስት እግር ስላለው ስምንት ፊደሏ ወለተጊዮርጊስ 24 ሆና ተቆጠረች፣ 24 ደግሞ ከ20 ይበልጣል። "ጎንደር"ን በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፈው ስድስት ፊደል፣ ስድስት ባይት ነው። በራሱ ፊደል አራት ነው፣ ስትርሌን ግን 12 ይልሃል።

"ታዲያ ለሦስት አላካፍለውም?" የሚል አይጠፋም። አንድ ጓደኛዬ ይህንኑ ሐሳብ እንደ ትልቅ ግኝት አምጥቶልኝ ነበር። አይሠራም። "ጎንደር ከተማ" በመሃል ያለው ባዶ ቦታ ተቆጥሮ ስምንት ነው፤ ባይቱ ግን 22፣ ምክንያቱም ባዶ ቦታ አንድ ባይት ብቻ ነው። 22 ለሦስት ሲካፈል ምን ይሆናል? ሰው ደግሞ ስሙ መሃል ቁጥርም፣ የእንግሊዝኛ ፊደልም ይቀላቅላል።

መፍትሔው ይቺ ናት፦

ኤምቢ_ስትርሌን($ስም, "ዩቲኤፍ-8") > 20

ኤም፣ ቢ፣ የታች ሰረዝ፣ ከዚያ የድሮው ስም። ኤምቢ ማለት "ባለ ብዙ ባይት" ለማለት ነው። ይቺ እግር ሳይሆን በግ ትቆጥራለች፤ ጎንደር 4፣ ወለተጊዮርጊስ 8። ሁለተኛውን ነገር፣ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን (እሱም ኮዱ ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው)፣ ከፒኤችፒ 5.6 ወዲህ ባትጽፈውም ራሱ ይወስደዋል። እኔ ግን እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ደንበኛ የሚያመጣልህ ሰርቨር (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ስንት ዓመቱ እንደሆነና ማን ምን እንደነካካው አታውቅም።

ፋይሉን ሰቅለህ "እንዲህ የሚባል ፈንክሽን የለም" የሚል ስህተት ከመጣብህ አትደንግጥ። ኤምቢስትሪንግ የሚባለው ኤክስቴንሽን (የፒኤችፒ ተጨማሪ ክፍል) ሰርቨሩ ላይ አልተከፈተም ማለት ነው፤ ከፒኤችፒ ጋር አብሮ በራሱ አይከፈትም። ዊንዶውስ ላይ የምትሠራ ከሆነ ፒኤችፒ ነጥብ አይኤንአይ የሚባለውን ፋይል ክፈትና የኤምቢስትሪንግን መስመር ፈልግ፣ ከፊቷ ያለችውን ነጠላ ሰረዝ መሳይ ባለነጥብ ምልክት አጥፋ፣ ሰርቨሩን ዘግተህ ክፈት። ኡቡንቱ ላይ ጥቅሉን ለብቻው መጫን አለብህ። የተከራየኸው ሆስቲንግ ከሆነ ብዙ ጊዜ መቆጣጠሪያ ገጹ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ይሄ ሁሉ እምቢ ካለ አይኮንቭ_ስትርሌን የሚባል ሌላ አለ፣ እሱም ፊደል ነው የሚቆጥረው።

ከመቁጠርህ በፊት ጽሑፉን አጽዳ። ስልክ ላይ የሚጽፍ ሰው ኪቦርዱ ቃሉን ሲሞላለት ብዙ ጊዜ ከኋላ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ዳር ዳር ያለውን ባዶ ቦታ የሚቆርጠው ትሪም፣ ቀጥሎ ቆጠራ። የማስታወሻ ሳጥን ካለህ ደግሞ አንድ ተንኮል አለ። ተመዝጋቢው መስመር ሲቀይር አሳሹ (ብራውዘሩ) እንደ አንድ ይቆጥረዋል፣ ወደ ሰርቨር ሲልከው ግን በሁለት ምልክት ነው የሚልከው። አምስት መስመር የጻፈ ሰው አራት ጊዜ ወርዷልና ሰርቨሩ ላይ አራት ይበልጣል። ሁለቱን በአንድ ተካና ከዚያ ቁጠር።

አሳሹን ካነሳን አይቀር፣ እኔን ያሳሳተኝ አንዱ እሱ ነው። ገጹ ላይ ፊደል ሲጻፍ አብሮ የሚቆጥር ትንሽ ነገር አሳሹ ውስጥ በሚሠራው ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት አድርጌ ነበር። እሱ "8 ከ20" እያለ አረንጓዴ ያበራል፣ ሰርቨሩ ደግሞ "በዛ" ብሎ ይመልሳል። እናትየው "አንዱ ግቢ ይለኛል፣ አንዱ ውጪ ይለኛል" ያሉት ለካ ወደው አይደለም። የጃቫስክሪፕቱ ሌንግዝ የሚቆጥረው በባለ 16 ቢት ክፍል ነው፣ የእኛ ፊደል በአንድ ክፍል ስለሚገባ ጎንደርን በትክክል 4 ይላል። ኢሞጂ ሲመጣ ግን እሱም ይሳሳታል። ያቺን ተራዋን ፈገግታ ሁለት ብሎ ይቆጥራታል። ኤምቢ_ስትርሌን አንድ ይላታል፣ ስትርሌን አራት። እናት፣ አባትና ልጆች አብረው የቆሙባትን የቤተሰብ ኢሞጂ ከሆነ ኤምቢ_ስትርሌንም ይረታል፣ ምክንያቱም ሰዎቹን አንድ በአንድ፣ ከሚያያይዛቸው የማይታይ ምልክት ጋር ይቆጥራል። ዓይን የሚያየውን ብቻ የሚቆጥረው ግራፊም_ስትርሌን ነው፣ ኢንትል የሚባለውን ኤክስቴንሽን ይፈልጋል። ለስም ፎርም አያስፈልግህም። ለአማርኛ የሚያስፈልግህ ምናልባት ማጥበቂያ ምልክት ከፊደል በላይ የሚደረግበት የመዝገበ ቃላት ዓይነት ሥራ ከያዝክ ነው፤ እዚያ ፊደሉና ምልክቱ ለየብቻ ስለሚቆጠሩ።

አሁን ገንዘብ ወደሚበላው ነገር እንምጣ፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ይይዛል። አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባችበት ግን ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ይከፈላል፣ ሲከፈል ደግሞ መገጣጠሚያው ቦታ ስለሚወስድ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ብቻ ነው የሚይዘው። እኔ ለማረፊያው እንዲህ የሚል ማረጋገጫ አዘጋጀሁ፦

አልጋዎ ተይዟል። እንኳን ወደ ጎንደር በደህና መጡ።

ይሄ 32 ነው፣ ባዶ ቦታውና አራት ነጥቡ ሁሉ ተቆጥሮ። ስትርሌን 84 ብሎ ስለቆጠረው ኮዴ "ከ70 በልጧል" ብሎ አልልክም አለ። ተናድጄ ገደቡን 160 አደረግሁት። ይሄ ደግሞ ባሰ! ቆጠራውን በኤምቢ_ስትርሌን አስተካክዬ ገደቡን 160 ላይ ብረሳው ኖሮ፣ 160 ፊደል የሞላ መልእክት በ67 ሲከፋፈል ሦስት ይሆናል፣ ሰውየው ለአንድ መልእክት የሦስት ሊከፍል ነው። ስለዚህ ለአማርኛ ገደብህ 70 ይሁን፤ ካለፈም ጠቅላላውን ለ67 አካፍለህ ወደ ላይ አጠጋጋውና ስንት መልእክት እንደሚሆን ለደንበኛህ አስቀድመህ አሳየው።

መቁረጥም ከመቁጠር አይለይም። ሰብስትር የሚባለው ፈንክሽንም የሚቆርጠው በባይት ነው። "ፋሲል" ሦስት ፊደል፣ 9 ባይት ነው። ከ"ፋሲል" እስከ 8 ብትቆርጥ ፋ እና ሲ ይመጣሉ፣ ከል ደግሞ ሁለት ባይት ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ገጹ ላይ ጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይታያል። ያንን ፕሮግራሞች መረጃ ወደሚለዋወጡበት ቅርጽ፣ ወደ ጄሰን ልቀይር ካልክ ጭራሽ ፎልስ ይመልስልሃል፣ ገጹ ባዶ ይሆናል፣ አንተም ግማሽ ቀን ትፈልጋለህ። ኤምቢ_ሰብስትር ተጠቀም።

ዳታቤዙስ? ማይኤስኪውኤል ላይ ቫርካር 20 ብለህ የሠራኸው ዓምድ በፊደል ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ ወለተጊዮርጊስ ምንም አትሆንም። ወጥመዱ ጥያቄ ስትጽፍ ነው፤ እዚያ ሌንግዝ ባይት ነው፣ ፊደል የሚቆጥረው ካር_ሌንግዝ ነው።

"አንድ ፊደል ስንት ጊዜ መጣ?" ለሚለው ሰብስትር_ካውንት በቂ ነው፣ ለአማርኛም ይሠራል። ካውንት_ካርስ የሚባለውን ግን ተወው፣ እሱ ባይት ነው የሚዘረዝርልህ። ሁሉንም ፊደል ከነብዛቱ ከፈለግህ፣ ከፒኤችፒ 7.4 ጀምሮ ባለው ኤምቢ_ስትር_ስፕሊት ፊደል በፊደል በትነህ ለአሬይ_ካውንት_ቫልዩስ ስጠው።

እዚህ ጋ ግን ፊደላችን የራሱ ጠባይ አለው። ሰ፣ ሱ፣ ሲ ለኮምፒውተሩ ዘመድ አይደሉም፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ ናቸው። "የሰ ቤት ስንት ጊዜ መጣ?" ካልክ በሬጌክስ (በጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር) [ሰ-ሷ] ብለህ ክልል መስጠት አለብህ፣ መጨረሻው ላይ ዩ የምትባለዋን ምልክት ሳትረሳ። እሷ ከሌለች እንደገና ወደ ባይት ትመለሳለህ። ደግሞ እንዲያ አድርገህም "ሥላሴ" ላይ አንድ ነው የምታገኘው፣ "ስላሴ" ላይ ሁለት። ንጉሡ ሠ የራሱ ክልል አለው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሰው በሁለቱም ይጽፈዋልና ፍለጋ የምትሠራ ከሆነ መጀመሪያ ወደ አንዱ አምጣቸው።

የእኔ ነገር ያለቀው ሦስት ምልክት ጨምሬ ነው፤ ኤም፣ ቢና ሰረዝ። እማማን መልሼ ደውዬ "አሁን ይሞክሩት" አልኳቸው፣ ልጃቸው ሞላላቸው፣ አለፈ። "ቆጠረ?" አሉኝ። ቆጠረ አልኳቸው።

ፎርምህን ከማስረከብህ በፊት እነዚህን ሦስቱን አስገባባት። "ጎንደር ከተማ" 8 መሆን አለበት፤ 22 ካለህ ስትርሌን የሆነ ቦታ ቀርቶብሃል። "ደብረ ብርሃን ሥላሴ" 12 ነው፣ ስህተቱ 32። የፋሲል ግቢን ስም ዩኔስኮ ከመዘገበበት ዓመት ጋር አድርገህ "ፋሲል ግቢ 1979" በል፤ 11 ካላለህ፣ 21 ካለህ፣ አሁንም እግር እየቆጠርክ ነው።